«በሁለት ዲግሪ ቀነሰለት»

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳለ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ስልክ ተደወለ። ጎረቤቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፍ አደረጉት። የልጅ ልጃቸው ታሞ ሰንብቷል። «እንዴት አደረልሽ?» «ደህና ነው እማዬ። ትናንት ማታ በእናንተ 39.4 ነው ብዬሽ አልነበር? አሁን ስለካው በሁለት ዲግሪ ቀንሶለታል።» «እሰይ! ተመስገን!» አሉ፤ ከ39.4 ላይ ሁለት ለመቀነስ ጊዜም አልፈጀባቸው። «37.4? እንግዲያው ለቆታል በይኛ!»

አጠገባቸው የተቀመጠው ሌላው የልጅ ልጃቸው፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ነገሩን ላጣራ ብሎ ስልኩን አወጣ። ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ የሚለውጠው ሳጥን ውስጥ 2 ብሎ ጻፈ። መልሱ −16.67 መጣ። «እማማ፣ ከዜሮ በታች 16 ነው የሚለው!» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ልጁን ፍሪዘር ውስጥ ከተቱት እንዴ?» ያለም ነበር።

ሳቁ አለፈ፤ ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የተሳቀበት ስሕተት ማንንም አይጎዳም፤ ከዜሮ በታች 16 የሆነ ሕፃን እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ማንም ያልሳቀበት 37.4 ነው የሚያሳስበው። ሜሪላንድ ያለው ቴርሞሜትር የሚቆጥረው በፋራናይት ነው፤ የወረደውም ከ103 ወደ 101 ነው። በእኛ፣ በሴልሺየስ ሲነገር ከ39.4 ወደ 38.3 ማለት ነው። የቀነሰው 1.1 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ልጁ ገና ትኩሳት ላይ ነው። አያትየው «ለቆታል» ብለው ሦስተኛውን ቀዱ።

የተማሪውም የአያቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው። ሁለቱም «ሁለት ዲግሪ» የሚለውን ሰምተው፣ ይህ ሁለት መለኪያው ላይ ያለ ቦታ ነው ወይስ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ ርቀት ብለው አልጠየቁም። ተማሪው ርቀቱን እንደ ቦታ ለወጠው። አያትየው የፋራናይትን ርቀት ሳይለውጡ ከሴልሺየስ ቁጥር ላይ ቀነሱት።

ሰዓት ላይ የማንሳሳተው

ይህን ልዩነት እኛ ከማንም ይልቅ በቀላሉ ልንይዘው በተገባ ነበር። አንድ ፈረንጅ «በ2 ሰዓት እንገናኝ» ካላችሁት 6 ደምራችሁ 8፡00 ትሉታላችሁ። «2 ሰዓት ጠበቅኩህ» ስትሉት ግን 6 የሚደምር የለም፤ የጠበቃችሁት በእሱም ሰዓት 2 ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። 2010 ላይ የተወለደ ልጅ በእነሱ 2017 ወይም 2018 ነው የተወለደው፤ ዕድሜው ላይ ግን 7 ወይም 8 የሚጨምርበት ሰው የለም። ኤምባሲ በር ላይ ቅጽ የሚሞላ ሁሉ ይህን ሳያስብ ይሠራዋል።

የሙቀቱ 32 ከዚያ 6 እና ከዚያ 8 ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የሁለት መለኪያዎች መነሻ ስለተለያየ የሚደመር ቁጥር ነው። ልዩነቱ፣ ሰዓታችንና ሰዓታቸው ርዝመቱ እኩል ሲሆን ዲግሪዎቹ ግን እኩል አለመሆናቸው ነው። ባሕር ጠለል ላይ በረዶ ከሚቀልጥበት ውሃ እስከሚፈላበት ድረስ ሴልሺየስ 100 ደረጃ ሲቆጥር ፋራናይት ከ32 እስከ 212 ድረስ 180 ይቆጥራል። ስለዚህ አንዱ የሴልሺየስ ዲግሪ 1.8 የፋራናይት ዲግሪ ይሆናል። ትምህርት ቤት 9 ለ5 እያልን የሸመደድነው ይኸው 1.8 ነው።

ቴርሞሜትሩ ላይ የተነበበ ቁጥር ሲሆን 1.8ም 32ም ይገባሉ። «ጨመረ»፣ «ቀነሰ»፣ «በዚህን ያህል በለጠ» ሲባል 1.8 ብቻ ይገባል። የሜሪላንዱ 2 ዲግሪ ለ1.8 ሲካፈል 1.1 ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። በፈረንጅ 2015 በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ላይ የተጻፈው የ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪም በፋራናይት 2.7 ነው። ስልኩ ላይ 1.5 ብሎ የሚጽፍ ሰው 34.7 ይመጣለታል፤ ያን ያህል ቢጨምር ስለ ምድር የሚጨነቅ ሰው ራሱ አይተርፍም።

የስልኩ ሳጥን አልተሳሳተም። የሚያውቀው ቦታን መለወጥ ብቻ ነው፤ ርቀት መሆኑን የሚነግረው ሰው ነው።

32 ከየት መጣ

ዳንኤል ገብርኤል ፋራናይት በ1686 በዳንዚግ፣ በዛሬዋ ግዳንስክ ተወልዶ ኔዘርላንድስ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ እየሠራ የኖረ ሰው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ መለወጫ እንዳንጨምር።) በ1714 የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ሠራ፤ መለኪያውን ያሳተመው በ1724 ነው። ዜሮውን በረዶ፣ ውሃና የአሞኒያ ጨው ሲደባለቁ የሚደርሱበት ብርድ ላይ አደረገ። በረዶና ውሃ ብቻቸውን ሲሆኑ 32፣ ጤነኛ ሰው ደግሞ 96 ሆነ። ቁጥሮቹ እንግዳ ይመስላሉ፤ መስታወት ላይ መስመር ለሚጭር ባለሙያ ግን አይደሉም። ከ32 እስከ 96 ያለው ርቀት 64 ነው። 64ን ለሁለት፣ ግማሹን ለሁለት እያሉ ስድስት ጊዜ ቢከፍሉት አንድ ዲግሪ ላይ ይደርሳሉ። 100ን እንዲህ ቢከፍሉት ሦስተኛው ላይ 12.5 ይመጣል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ቸግሮት ኖሯል። በኋላ የውሃ መፍላት 212 ላይ ሲጸና የሰውነት ሙቀት ከ96 ተነሥቶ ወደ ዛሬው ቦታው ሄደ።

አንደርስ ሴልሺየስ የስዊድን የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። በ1742 ያቀረበው መለኪያ ከዛሬው የተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃ የሚፈላበት 0፣ በረዶ የሚሆንበት 100። በ1744 ከሞተ በኋላ ነው የተገለበጠው። እሱ እንዳለው ቢቀር ኖሮ የልጁ ትኩሳት 60.6 ይባል ነበር፤ ሲሻለው 61.7 ይሆናል፤ «ቀነሰለት» የሚለው ቃልም መርዶ በሆነ። ሴንቲግሬድ የምንለው ስም በይፋ ሴልሺየስ የተባለው በ1948 ነው።

ትኩሳት ላይ ግምት አይሠራም

አሜሪካ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቁጥር 98.6 ናት። ነጥብ ያለበት ቁጥር በጥንቃቄ የተለካ ይመስላል። ይህኛው ግን የመለወጥ ውጤት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቩንደርሊኽ በ1868 ባሳተመው ሥራው የጤነኛን ሰው መካከለኛ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አለ። 37 የተጠጋጋ ቁጥር ነው፤ ከ36.5 እስከ 37.5 ያለውን ሁሉ ያቅፋል። ያ በፋራናይት ከ97.7 እስከ 99.5 ነው። 37ን በ1.8 አባዝቶ 32 የደመረ ሰው ግን 98.6 አገኘና ነጥብ ስድስቷ እንደ ሕግ ቀረች። ስለዚህ 99.1 አይቶ «ከኖርማል በላይ ነው» ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ የደነገጠው ከሒሳቡ ፍርፋሪ ነው።

ለትኩሳት የሚያስፈልጉት ሦስት ምሰሶዎች ናቸው፤ 38 ሲሆን 100.4፣ 39 ሲሆን 102.2፣ 40 ሲሆን 104። በመካከል ላለው፣ ግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 0.9 ፋራናይት ይጨመራል። 38.5 ማለት 101.3 ነው። ብዙ ሰው 100 ሲያይ ይጨነቃል፤ 100 ፋራናይት 37.8 ነው፤ ከ38 በታች። ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን 100.4 ወይም 38 ከደረሰ ሐኪም ጋ ወዲያው የሚደወልበት ነው፤ እዚያ ላይ የግማሽ ዲግሪ ስሕተት ዋጋ አለው።

ምሰሶዎቹን ለረሳ ሰው ትክክለኛው መንገድ ይኸው። ከፋራናይት ወደ ሴልሺየስ፤ መጀመሪያ 32 ቀንስ፣ ከዚያ በ5 አባዛ፣ ከዚያ ለ9 አካፍል። 101 ሲቀነስ 32፣ 69። በ5 ሲባዛ 345። ለ9 ሲካፈል 38.3። ሰው የሚሳሳተው ተራው ላይ ነው። አስቀድሞ አባዝቶና አካፍሎ 32ን መጨረሻ ላይ የቀነሰ ሰው 24.1 ያገኛል። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ማንም ይነቃል። ተራውን መያዝ ለሚያቅተው ሌላ መንገድ አለ፤ 40 ደምር፣ ለ1.8 አካፍል፣ 40 ቀንስ። ወደ ፋራናይት ሲሆን ማካፈሉ ማባዛት ይሆናል እንጂ ሌላው አይለወጥም። 101 ላይ 40 ሲደመር 141፣ ለ1.8 ሲካፈል 78.3፣ 40 ሲቀነስ 38.3። ይህ የሚሠራው ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙበት ብቸኛ ቦታ ከዜሮ በታች 40 ስለሆነ ነው።

ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት ደግሞ ወረቀት አያስፈልግም። ቁጥሩን እጥፍ አድርግ፣ ከእጥፉ ላይ አንድ አሥረኛውን ቀንስ፣ 32 ደምር። 39 ሲታጠፍ 78፣ አሥረኛው 7.8፣ ሲቀነስ 70.2፣ 32 ሲደመር 102.2። ይህ ግምት አይደለም፤ እስከ ነጥቡ ልክ ነው፤ ከእጥፍ ላይ አሥረኛውን መቀነስ በ1.8 ማባዛት ነውና።

«እጥፍ አድርገህ 30 ደምር» የሚለው የመንገድ ላይ ሒሳብ ግን ትኩሳት አጠገብ አይድረስ። 39 በዚያ መንገድ 108 ይሆናል፤ እናት ያብዳሉ። ይህ ዘዴ ልክ የሚመጣው 10 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በራቀ ቁጥር ስሕተቱ ያድጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ኦቨኑ፣ ምጣዱ፣ የአዲስ አበባ ውሃ

ወጥ ቤት ሲገባ ነገሩ ይላላል። የኦቨን ቴርሞስታት ራሱ እየበራና እየጠፋ ከተባለው በላይና በታች ስለሚዋልል ነጥብ መቁጠር ከንቱ ነው። ከ300 እስከ 400 ፋራናይት ባለው ክልል ቁጥሩን ለሁለት ማካፈል ይበቃል። 350 ወደ 175 ይሆናል፤ ትክክለኛው 176.7 ነው። 320 ላይ ግማሹ ልክ ነው፤ 160። ከ400 በላይ ሲወጣ ግን ግማሹ ያንሳል። 450 ሲካፈል 225 ነው፣ እውነቱ 232፤ 500 ሲካፈል 250፣ እውነቱ 260።

ይህ የላይኛው ክልል ለእኛ ሰው ይበልጥ ይመለከተዋል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ለኖርዌጂያኖች ስስ የድንች ቂጣ ተብሎ በተሠራ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ መዘውሩ እስከ 500 ይሄዳል። አዲስ አበባ ላለች እህቷ በስልክ «450 ላይ አድርጊው» የምትል ሰው 232 ማለቷ ነው። እህቲቱ በግማሽ ብትወስደው 7 ዲግሪ ይጎድላታል፤ ምጣዱ በደንብ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። መዘውሩም የሚናገረው ስለ ቴርሞስታቱ እንጂ ስለ ምጣዱ ገጽ አይደለም፤ መብራቱ ጠፍቶ ተመልሶ እስኪበራ መጠበቅ ከሒሳቡ ይልቅ ይጠቅማል።

የርቀትና የቦታ ጣጣ እዚህም አለ። ማራገቢያ ላለው ኦቨን የአውሮፓ የምግብ አሠራር «በ20 ዲግሪ ቀንስ» ይላል። 20ን ስልክ ላይ የለወጠ ሰው 68 ያገኛል። ትክክለኛው ቅናሽ 36 ፋራናይት ነው። 200 ሴልሺየስ 392 ፋራናይት ነው፤ ከዚያ ላይ 68 የቀነሰ ሰው 324 ላይ ይጋግራል፤ ያ 162 ሴልሺየስ ነው። ድፎው ላዩ ገርጥቶ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ሲወጣ እርሾው ይወቀሳል።

ሒሳቡ ልክ ሆኖ ነገሩ እምቢ የሚልበት ቦታም አለ። የፈረንጅ የቡና ባለሙያዎች ውሃው ከ195 እስከ 205 ፋራናይት ይሁን ይላሉ፤ በሴልሺየስ ከ90.6 እስከ 96.1። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ማንቆርቆሪያ 205 አይደረስም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃው 92 አካባቢ፣ ማለትም 198 ፋራናይት ገደማ ላይ ፈልቶ ያበቃል። እሳት ቢጨመር እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይወጣም። ቴርሞሜትራቸውን «በፈላ ውሃ 100 ማሳየት አለበት» ብለው ፈትነው የጣሉ ሰዎች ደህናውን ዕቃ ነው የጣሉት። ቴርሞሜትር እዚህ የሚፈተነው በበረዶ ነው። በረዶ ፈጭቶ ብርጭቆ መሙላት፣ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ማድረግ፣ አማስሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ጫፉ ብርጭቆውን ሳይነካ መሃሉ ላይ መያዝ። 0 ወይም 32 ማሳየት አለበት፤ ይህ ከፍታን አይጠይቅም። ጀበናችን በበኩሏ ቁጥር ጠይቃ አታውቅም።

ለአየሩ መስታወት ይበቃል

ስለ አየር ጠባይ ሲወራ «እጥፍ ሲደመር 30» ይፈቀዳል፤ ካፖርት ይለበስ አይለበስ ለመወሰን ሦስት አራት ዲግሪ ስሕተት ለውጥ የለውም። ከዚያ የሚሻለው ግን ተገልብጠው የሚነበቡትን ቁጥሮች መያዝ ነው። 04 ሲገለበጥ 40፣ 16 ሲገለበጥ 61፣ 28 ሲገለበጥ 82። 4 ሴልሺየስ 40 ፋራናይት ገደማ፣ 16ቱ 61 ገደማ፣ 28ቱ 82 ገደማ ነው። ከእነዚህ በ5 ሴልሺየስ በሄዱ ቁጥር 9 ፋራናይት ይሄዳሉ።

ጥር ላይ ከሚኒሶታ «ዛሬ 30 ገባልን» ብሎ የሚደሰት ዘመድ ከዜሮ በታች 1 ማለቱ ነው፤ «እኛማ ጥላ ፍለጋ ነን» ብሎ የሚመልስለት የድሬዳዋ ሰው ደግሞ የራሱን 30 ይናገራል። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም ካለ ዘመድ ጋር ይህ ችግር የለም፤ ሁሉም በሴልሺየስ ነው የሚናገሩት። ጣጣው ከአሜሪካ ስልክ ጋር ነው የሚመጣው።

ከዜሮ በታች

የአሜሪካ ፍሪዘር 0 ላይ ሲቀመጥ ልክ ነው፤ የእነሱ 0 የእኛ −18 ነው። የመድኃኒት ካርቶን ላይ «ከ36 እስከ 46» የሚለው ደግሞ የፍሪጅ ሙቀት ነው፤ ከ2 እስከ 8 ሴልሺየስ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንዱ ብቻ ከተጻፈና ሰውየው 36ን በእኛ ካነበበው ግን መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ይሰነብታል። ወደ ሌላው ጫፍ መሳሳትም አለ፤ ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ይጣላል።

ከዜሮ በታች የሚሳሳቱት ምልክቱ ላይ ነው። ለምሳሌ −70 ሴልሺየስ ሲታጠፍ −140፣ አሥረኛው −14። −14ን መቀነስ ማለት ወደ ዜሮ መቅረብ ነው፤ −126 ይሆናል። 32 ሲደመር −94። በ−126 ፈንታ −154 ያገኘ ሰው አሥረኛውን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ወስዶታል። ፕሮግራም የሚጽፉትም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። 5 ለ9 በሙሉ ቁጥር ሲካፈል ብዙ የፕሮግራም ቋንቋ ላይ 0 ነው፤ የዓለም ሙቀት ሁሉ 0 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። 5.0 ብሎ መጻፍ ይበቃል።

በማግስቱ ሜሪላንድ ያለችው እናት መላ አገኘች። ቴርሞሜትሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ትንሽ ተጭና ስትይዘው ወደ ሴልሺየስ ዞረላት፤ አብዛኞቹ ዲጂታሎች ይህ አላቸው፤ አንዳንዱ ሲበራ፣ አንዳንዱ ከጠፋ በኋላ ነው የሚቀበለው። ከዚያ ወዲህ ለእናቷ የምትነግራቸው ስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ ሆነ፤ «38.3 ነበር፣ አሁን 37.6 ነው።» አያትየውም የሚቀንሱት ቀጥተኛውን ቁጥር ነው።

ወደ ክሊኒኩ ስትደውል ነርሷ «ትናንት ከፍተኛው ስንት ነበር?» አለቻት። 38.3 አለች። «በፋራናይት?» 76.6፣ ሲቀነስ 7.7፣ 68.9፣ ሲደመር 32። «101» አለች፤ ወረቀት ሳታነሣ።